ቅቤ የጠጣ ጠመንጃ

ባሌ ፈዬራ ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሲጠግን ኖረ፤ ከወታደር ቤት ከወጣ ወዲህ ግን አንድ ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ዶሮ እንኳ የሚያርድልን ጎረቤት ነው፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቢላዋውን ስሎ ስሎ ያቀብልና እሱ ወደ ጓሮ ዞር ይላል።

ትውልዱ ጊንደበረት ነው፣ ከካቺሲ ወረድ ብሎ። ገና ጎረምሳ ሳለ ለውትድርና ወሰዱት፤ እጁ ለብረት ስል መሆኑን ያዩ አለቆች ግምጃ ቤት አስቀምጠው የመሣሪያ ጥገና አስተማሩት። መንግሥት ሲለወጥ አምቦ መጣ። የብረት አልጋ እየበየደ ሲኖር ሙያውን የሰሙ የፖሊስ ሰዎች የሚሊሻና የጥበቃ መሣሪያ እንዲያድስ ፈቃድ ሰጡት። ቤታችን ከሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ነው። አንዷን ክፍል ለሁለት ከፍለናት፣ በመንገዱ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ ከኋላ የእሱ ጠረጴዛ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ጠመንጃ ተጋድሞ ሲያይ ይደነግጣል። "አይዞህ፣ ታሞ ነው የተኛው" እለዋለሁ።

እኔ ሮማነወርቅ እባላለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ፈዬራ ደግሞ አንድ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ እኔ አንድ ቀሚስ እጨርሳለሁ። አንድ ቤት እንዴት እንደበቃን እግዜር ይወቅ፤ በቅቶን ግን ኖረናል።

ስለ ጠመንጃ የማውቀው ሁሉ ከእሱ የሰማሁት ነው። እንዲገባኝ ብሎ በልብስ ነበር የሚያስረዳኝ። "ሮማን፣ ሱሪ የት ጋ እንዳለቀ አይተሽ የሰውየውን ኑሮ ትነግሪኝ የለ? ጉልበቱ ያለቀው ይሰግዳል፣ መቀመጫው ያለቀው ቢሮ ይውላል ትዪኝ የለ? ብረትም እንደዚያው ነው።" ፋብሪካው የቀባው ጥቁር ልባስ ቀድሞ የሚለቀው እጅ በሚያዘወትርበት፣ ማንገቻው በሚፈገፍግበት፣ ዝናብ በሚያድርበት ቦታ ነው። ልባሱን አይቶ ባለቤቱን ሳያውቀው ያውቀዋል። "ይሄ ሰነፍ ነው፣ ግድግዳ አስደግፎት ነው የከረመው" ይላል። ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ ያየውና "ይሄ ሰው ፈሪ ነው፣ ከእጁ አይለየውም" ይላል።

ከሚያያቸው ሁሉ የሚወደው የኦቦ ቦጂያን ነበር። ኦቦ ቦጂያ ከጊንጪ በላይ የጭልሞ ደን ጠባቂ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚስቅ ሽማግሌ። ጠመንጃቸው ሲሞኖፍ የሚሉት ነው፣ ባሌ ግማሽ አውቶማቲክ የሚለው፤ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ፈዬራ እጄን ይዞ በብረቱ ላይ ያስኬደኛል። "ትከሻ የሚነካው ቦታ ልባሱ አልቆ ነጩ ብረት ወጥቷል። መዳፍ የሚይዘውም እንደዚያው። አፈሙዙን እይው ደግሞ፣ ውስጡ አዲስ ነው። ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ዞረ እንጂ አልተኮሰበትም። ደኑን በእግሩ ነው የጠበቀው።"

አንድ ነገር ግን አልገባው ብሎ ከረመ። ከምላጩ በላይ፣ ጥይቱን የሚመታውን መምቻ ወደ ኋላ ይዛ የምታቆይ ጥፍር የምታህል ብረት አለች። ፈዬራ ያዥ ይላታል። ሰው ምላጩን እስኪስብ አትለቅም። ጠርዟ ካለቀ ግን መያዟን ትተዋለች፤ ጠመንጃው ሰደፉ መሬት ሲመታ ማንም ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል። የኦቦ ቦጂያ ያዥ አፈሙዙ አዲስ ሆኖ ሳለ በየጊዜው ታልቃለች። "የማይተኩስ ሰው ምላጭ እንዴት ያልቃል?" እያለ ራሱን ያክ ነበር።

አንድ ቀን ጠየቃቸው። ኦቦ ቦጂያ በትከሻቸው ሳቁ።

"የወርቂቱ ሥራ ነው" አሉ። ወርቂቱ ሚስታቸው ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ "ጥይት የጎረሰ ነገር ደጄን አይረግጥም" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ ጥይቱን ያወጣሉ፣ ባዶውን ወደ ሰማይ አድርገው ምላጩን ይስባሉ። ቃ ይላል። ወርቂቱ ከውስጥ ያን የቃታ ድምፅ ስትሰማ "ግባ" ትላለች። ሳትሰማ አትከፍትም። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢወርድ፣ ኦቦ ቦጂያ ሳያሰሟት ገብተው አያውቁም።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ቅቤውም አለ። ወርቂቱ በዓል በመጣ ቁጥር ቅቤ አንጥራ የቤቱን ሰው አናት ትቀባለች፤ ከሰው ተርፎ ጠመንጃውንም ትቀባለች። "ባሌን ጫካ ለጫካ ይዞ የሚዞርልኝ እሱ አይደል ወይ" ትላለች አሉ። ቅቤው በየስንጥቁ ይገባል፤ የመንገዱን አቧራ ይይዛል፤ ማታ ማታ ያ ቃታ ሲሳብ አቧራው እንደ ሞረድ ያዧን ይሞርዳታል። ከርሞም ይኮመጥጥና ልባሱን ይበላዋል።

"ንገራቸዋ" አልኩት ኦቦ ቦጂያ ሲሄዱ። "ቅቤ ለሰው እንጂ ለብረት አይሆንም በላቸው።"

"እንዴት አድርጌ?" አለ ፈዬራ። "የሴትዮዋን ፍቅር ዝገት ነው ልበላት?"

እንደዚህ ነው እሱ። ሰው እንዳይከፋው ሲል ብረት ያስከፋል። እኔ ብሆን ያኔውኑ ነግሬ እገላገል ነበር።

እንግዲህ የዓይኑ ነገር መጣ። ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው። መጀመሪያ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈስ ጀመር። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉትን ሰዎች ዝም ብሎ ማለፍ ጀመረ፣ "ኮራ" ብለው አሙት። ስጠይቀው "መብራቱ ነው የደከመው" ይለኛል፤ ቀን ነው፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስል ይቆጣል፤ ፈዬራ ሲቆጣ ድምፁ የባሰ ይቀንሳል። ለሥራውማ ዓይን አያስፈልገኝም ይላል። የያዧን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይሞክራታል፦ ስለታም ከሆነች ጥፍሩን ትይዘዋለች፣ ካለቀች ያንሸራትታል። እውነቱን ነው፣ ጥፍሩ አታሎት አያውቅም ነበር። እኔም ኩርፊያውን እየፈራሁ ዝም አልኩ።

ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ገብቶ ነው። ኦቦ ቦጂያ ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ሃዋኒ፣ ያቺ ወርቂቱ ጥይት ደጄን አይረግጥም ያለችላት የመጀመሪያ ልጅ፣ እሑድ ልትዳር ነው።

"እንደ ሙሽራ አድርግልኝ" አሉት ፈዬራን። "ልባሱም ይታደስ፣ ውስጡም ይታይ። ሙሽራው ሲመጣ ወደ ሰማይ የሚተኮስ አለ። ጌራርሳም አለ።" ወደ እኔ ዞር ብለው "አደ ሮማን፣ ካልመጣችሁ እቀየማለሁ" አሉኝ።

ጋቢው ሲፈታ ቤቱን ቅቤ ቅቤ ሸተተው። ወርቂቱ ለሠርጉ ብላ ቀብታው የለመደችውን አልፋ ሄዳለች፤ ጠመንጃው ይንጠባጠባል። ፈዬራ አልተቆጣም። ብረቱን በየፈርጁ ነቃቅሎ ጨርቅ ላይ ዘረጋው። ያዧ አልቃ ነበር። ከተወገደ መሣሪያ ያወጣት አንዲት ስለታም ያዥ ነበረችው፣ እሷን አምጥቶ ከአሮጌዋ ጎን አስቀመጠ። መልካቸው አንድ ነው፣ ልዩነታቸው ጠርዛቸው ላይ ብቻ። ልክ በዚያን ጊዜ መብራት ሄደ። ከኋላ ያለው ክፍል መስኮት የለውም። እኔ በር ላይ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ እየሰፋሁ "ቆይ፣ ወደዚህ ወደ ብርሃኑ አምጣው" አልኩት። "ግድ የለም፣ እጄ ያያል" አለኝ። ጨርሶ፣ ገጥሞ፣ የተላጠውን ልባስ አጥቁሮ አስረከባቸው። ኦቦ ቦጂያ ትከሻውን ሦስት ጊዜ ገጭተው ሳሙትና ሄዱ።

ሠርጉ ላይ ላለመሄድ ሰበብ የፈጠረው እሱ ነው። ጉልበቴን አመመኝ አለ። ምክንያቱ ጉልበቱ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ፤ የጫካውን መንገድ ማየት ስላልቻለ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱን አጸዳ ጀመርኩ። ጠረጴዛውን በሥራ ቀን አያስነካኝም፣ እሑድ ግን ይተወኛል። ቅቤ የጠጣውን ጨርቅ ሳራግፍ አንዲት ትንሽ ብረት ወለሉ ላይ ወደቀች። አነሳኋት። በር ላይ ወስጄ ወደ ፀሐይ ዘረጋኋት። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠርዝ አይጠፋኝም። ጠርዟ ከፋብሪካ እንደወጣ መርፌ ነበር።

"ፈዬራ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

እጁን ዘረጋ፣ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በጥፍሩ ሞከራት። ተነስቶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ደግሞ ሞከራት። ጥፍሩን ያዘችው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ያን ቀን እጄ ቅቤ ነበር" አለ። "ሁለቱም ተንሸራተቱብኝ። ገምቼ ነው የገጠምኩት ሮማን። ያለቀችውን መልሼ ገጥሜላቸዋለሁ።"

ጌራርሳ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ዳስ ውስጥ ወንዱ ክብ ይሠራል፤ ዘፋኙ መሐል ገብቶ ጠመንጃ ይዞ ጀግንነቱን፣ የገደለውን አውሬ፣ የወገኑን ስም እየጠራ ይፎክራል። ሲሞቀው ሰደፉን መሬት ላይ ይመታል። ሲጨርስ ጠመንጃውን ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ያም ይመታል። ያ ጠመንጃ ደግሞ ለሙሽራው አቀባበል ጥይት ጎርሶ ነው የሚጠብቀው። በክቡ ዙሪያ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዩት።

ስልክ ደወልን። አይነሳም እንኳ አይደል፣ አይገኝም፤ ጭልሞ ጫካው ውስጥ ስልክ ተራራ ካልወጡ አይሠራም። ሌላ ቁጥር የለንም። ፈዬራ ኮቱን ለበሰ። "ኮቱ ሮማን" አለኝ። ነይ ማለቱ ነው፤ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው።

ከመናኸሪያ ጊንጪ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ እኔም መንገዱን ሙሉ ነደድኩበት። በሹክሹክታ ነው የነደድኩት፣ ሰው እንዳይሰማ።

"ዓይንህ ደህና እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ እኔን ለምን ደበቅከኝ? እኔ ማንህ ነኝ? ጎረቤት ነኝ?"

ሚኒባሱ ሁለት መንደር አለፈ።

"ለሐኪም ብነግር ሐኪም ያውቃል፣ ያ ምንም አይደለም" አለኝ። "አንቺ ካወቅሽ ግን እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው።"

እጁን ያዝኩት፤ ጊንጪ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።

ከጊንጪ ባጃጅ ተሳፈርን፣ ባለባጃጁ መንገዱ እስከሚበቃው ወስዶ ጫካው ጥግ አወረደን። ከዚያ በእግር ነው። የፅድና የዝግባ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይወጣል፣ ጥላው ጨለማ ነው፣ ለደህና ዓይንም ይከብዳል። ፈዬራ የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሁለቴ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱ ደማ። "እዚህ ቆይ፣ እኔ ሮጬ ልንገራቸው" ብለው አሻፈረኝ አለ። "አንቺ ብትነግሪያቸው ሚስቱ ፈርታ ነው ይላሉ። የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ የምነግራቸውም እኔ ነኝ።" እየሄድን ጆሯችን ጫካው ውስጥ ነበር፤ ተኩስ ይሰማ ይሆን፣ ከተኩሱ ኋላ ጩኸት ይሰማ ይሆን እያልን። የሰማነው ጭብጨባ ነው። ጭብጨባው እንዳለ መሆኑ ብቻ እንደ ምሥራች ነበር።

ዳሱ አፍ ላይ ስንደርስ ጌራርሳው ጦፏል። ኦቦ ቦጂያ ራሳቸው መሐል ላይ ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ያ ጠመንጃ ቅቤው እያበራ ወደ ላይ ተነስቷል። ሰደፉን ገና መሬት አላስነኩም።

"ይዘውታል?" አለኝ ፈዬራ።

"ይዘውታል። ወደ ሰማይ ነው ያነሱት።"

ጌራርሳ አይቋረጥም። የሚዘፍንን ሰው አፍ መያዝ በአባቱ ሬሳ ላይ እንደመሳቅ ነው፤ ለዚያውም በልጁ ሠርግ። እኔም በጆሮው "ተራ ጠይቅ" አልኩት። ቀጣዩ ዘፋኝ ሲገባ ጠመንጃው ይሰጠዋል፣ ወጉ ነው። "ተራ ጠይቀህ ተቀበላቸው። ጥይቱን አውጣ። ከዚያ ጓዳ ወስደህ ነገሩን ለብቻቸው ንገራቸው። ማንም አያውቅም፣ እንጀራህም አይቋረጥም።" እንዲህ ነው ያልኩት፣ አልዋሽም።

ፈዬራ እጁን አንስቶ ክቡ ውስጥ ገባ። ሰው አየውና ደስ አለው። ያ ዝምተኛው የአምቦ ሰውዬ፣ ዘፍኖ የማያውቀው፣ ለኦቦ ቦጂያ ብሎ ሊዘፍን ነው። ጭብጨባው ደመቀ። ኦቦ ቦጂያ በሁለት እጃቸው አክብረው ጠመንጃውን አቀበሉት። ተቀበለውና አፈሙዙን ከዳሱ ውጪ ወደ ሰማይ አዞረ። ጣቶቹ ብቻቸውን ሠሩ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ተከትዬው ገብቼ በዘረጋሁት ነጠላ ላይ ጣላቸው። ነፍሴ ያኔ ተመለሰች። አሁን ና፣ ውጣ፣ አለቀ አልኩ በሆዴ።

እሱ ግን መዝፈን ጀመረ።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ዜማም አያውቅም። በኦሮምኛ ነው የዘፈነው፤ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ እኔ የካቺሲው ፈዬራ፣ አንበሳ አልገደልኩም፣ ጎሽ አልጣልኩም፣ እኔ ዝገት ገዳይ ነኝ። ሰው ሳቀ፣ ጭብጨባው ጨመረ። በየበረሃው ያላችሁ ዝገት ሁሉ ስሜን ትፈራላችሁ፣ አለ። ደግሞ ሳቁ። ዘንድሮ ግን ዝገቱ ተበቀለኝ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የወዳጄን ጠመንጃ ሳላይ ገጠምኩ። የሞተውን ብረት ከሕያው ለይቼ ማየት አቃተኝ፣ ሞትንም በጋቢ ጠቅልዬ ለሠርግ ላክሁት።

ጭብጨባው እየላላ ሄዶ ቆመ። ፈዬራ ባዶውን ጠመንጃ አቀባበለና ጣቶቹን ሁሉ ከምላጩ አርቆ ለሰው አሳየ። ከዚያ ሰደፉን መሬት ላይ መታው፣ እንደ ዘፋኝ።

ቃ አለ።

ያን ድምፅ ከሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው ወርቂቱ ናት። ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ስትመጣ አየኋት፣ የወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ ማታ ማታ የሰማችው ድምፅ ነው፤ ማንም ምላጩን ሳይነካ መምጣቱ ገባት።

"ያለቀው በእኔ ነው?" አለች። "በየማታው ያን ቃታ አሰማኝ ስለው ነው ያለቀው?"

ፈዬራ ዓይኑን ወደ ድምፁ መለሰ። "ቃታው ብቻውን አይጨርሰውም ነበር። ቅቤው አቧራ ይይዛል። ድሮ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ። ያለቀችውን መልሼ የገጠምኩት ግን እኔ ነኝ። ባሌንና ልጄን እንዲጠብቅልኝ ብለሽ ነው የቀባሽው፣ በዚህ የሚያፍር የለም። የሚያፍረው ዓይኑ መጥፋቱን የደበቀ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጠመንጃ አልጠግንም።"

ይኸው ነው። እንጀራችንን በገዛ አፉ፣ በሠርግ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት አቋረጠው። መቆጣት ነበረብኝ፣ ቁጣ አልመጣልኝም። ያን ሰውዬ አግብቼ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያን ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ኦቦ ቦጂያ ዳሱ ዙሪያ ያሉትን ልጆች አዩ። አንድ በአንድ ነው ያዩዋቸው። ከዚያ የፈዬራን የደማ ጉልበት አዩ።

"ሰው ጥፋቱን ሊደብቅ ጫካ ይገባል" አሉ። "አንተ ሳታይ ጫካ አቋርጠህ የመጣኸው ጥፋትህን ልትነግረኝ ነው?" ጠመንጃውን ተቀብለው ለወርቂቱ ሰጧት። "አስተኚው" አሏት። ፈዬራን እጁን ይዘው የሙሽራዋ ዘመድ ከሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጡት። ጌራርሳው በዱላ ቀጠለ። ሙሽራው ሲመጣ ተኩስ አልነበረም፣ እልልታ ብቻ ነበር፣ እልልታውም በቃ። ሃዋኒ ስትወጣ ጎንበስ ብላ የፈዬራን ጉልበት ሳመች፤ ያንኑ የደማውን።

ማግስቱን ፈዬራ ፈቃድ ወደ ሰጡት ሰዎች ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የጠገናቸው መሣሪያዎች እንዲመለሱ ለመናቸው። እያጉረመረሙ መለሷቸው። እሱ ይነቅላል፣ እኔ በር ላይ ወደ ፀሐይ አውጥቼ ጠርዙን አያለሁ፣ "ስለታም ነው" እለዋለሁ፣ በታጠበ እጁ በጥፍሩ ይሞክረዋል። ሁለታችን ካልተስማማን አይገጠምም። ሌላ የተሳሳተ አልተገኘም። የመጨረሻዋን "ደህና ናት" ስለው ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኔም ለባለሥልጣኖቹ ሄጄ "ዓይን ከተፈለገ የእኔ አለ፣ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ዓይን ነው" አልኳቸው። ሳቁ፤ ፈቃዱን ግን አልነጠቁትም።

ወርቂቱ ቅቤውን ለሰው ብቻ አደረገችው። ቃታውንም ተወችው። አሁን ኦቦ ቦጂያ ማታ ደጃፉ ላይ ጠመንጃውን ከፍተው ይዘረጉላታል፣ እሷ ጣቷን ከታ ባዶ መሆኑን ትዳስስና "ግባ" ትላቸዋለች። ያዧ ከዚያ ወዲህ አላለቀችም።

ፈዬራን ሐኪም ቤት የወሰድኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ አሁን እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። የዓይን ሞራ ነው አሉን፣ ገፈፉለት። ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። አየኝ። ጠመንጃ እንደሚያየው ነው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሳይቸኩል። ለካ ባላየኝ ጊዜ ሸብቻለሁ፣ ፊቴም ተጨማትሯል። አፈርኩና ተቆጣሁ።

"ምን ታፈጥብኛለህ?"

"የት የት እንዳለቅሽ እያየሁ ነው" አለኝ።

"ታዲያ የት ነው?"

እጁን ዘርግቶ ከዓይኔ ሥር ያለውን ሽብሽብ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ዳሰሰው።

"እዚህ ጋ" አለ። "ይሄ የእኔ ነው።"